የሴባስቶፖል ክብደትና የፀረ ስበት ምኞት

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ይህ ስፍራ በታሪክ ስሙ የሚነሣው፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ባለ እጆች ሰብስበው ከአገር ተወላጅ ሠራተኞች ጋራ መድፍ እንዲሠሩ ያደረጉበት ሰፈር ስለ ነበረ ነው። ከነዚህ ባለ እጆች አያሌዎቹ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ከነበረው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወጡ ሲሆኑ፥ ዋልድማየር የተባለው ከነሱ አንዱ ነበር። ወንጌል ለማስተማር የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት።

ከብዙ ሙከራና ከብዙ መክሸፍ በኋላ ነሐስ አቅልጦ መድፍ ማፍሰስ ተቻለ። ከመድፎቹም ሁሉ ታላቁ በ1859 ዓ.ም. የተሠራው ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ብዙ ወራት ተከባ ከቈየችው ከዚያች ስመ ጥር የባሕር ምሽግ ነበር። ክብደቱ 7 ቶን ያህል፥ ማለት 70 ኩንታል ነው።

ዛሬ ስለዚህ መድፍ መናገራችን የጦርነት ወሬ ለማውራት አይደለም። ይህ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ድረስ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶአል። በመካከሉ ያለው ርቀት ግን በአየር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ካለፈው የአውሮፓውያን መቶ ዓመት ወዲህ፥ ክብደትን የሚሽር፥ የግዑዙን ነገር እንቢታ የሚያሸንፍ መኪና ይሠራል የሚሉ ሰዎች በየጊዜው ተነሥተዋል። ሐሳባቸውንም ፀረ ስበት ብለው ይጠሩታል። ይህ ተስፋ ምን ያህል እውነትነት እንዳለው የሴባስቶፖልን ጉዞ ሚዛን አድርገን ብንመረምረው ነገሩ ይቀልልናል።

በመጀመሪያ ጉዞውን እናስታውስ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ከጉና ተራራ ግርጌ አልፈው በጋይንት በኩል ወደ ቤተ ሖር ወጡ። ከዚያ የጅጣን ገደል ወርደው ወደ ደላንታ ደጋ፥ እንደ ገናም የበሽሎን ገደል ወርደው ወደ መቅደላ አምባ መውጣት ነበረባቸው። እነዚህ ሁለት ወንዞች ከደጋው 1,000 ሜትር ያህል ወደ ታች ዘልቀው የሚፈሱ ናቸው። የሠረገላ መንገድ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ የተሠራው መድፉ እየመጣ ሳለ ነው። ወታደሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል፥ ዐፈሩን ይቈርጣል፤ ከዚያም በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በገመድ ተጠምደው ሠረገላውን ይስባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከወታደሩ ጋራ ይሠሩ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን መስክረዋል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በኋላ ወደ መቅደላ ሲመጣ በዚሁ መንገድ መጠቀሙም የሥራውን ደኅናነት ያስረዳል።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። እነዚያ ገመድ የያዙት ሰዎች ይታገሉ የነበሩት ከአንድ ባላጋራ ጋራ ብቻ አልነበረም። አንደኛው ባላጋራ ክብደት ነው፤ ይህም የመሬት ስበት መድፉን ወደ ታች የሚጐትትበት ኀይል ነው። ሁለተኛው ፍትጊያ ነው፤ ይህም መንኰራኵሩ ከመንገዱና ከወስከምቱ ጋራ ሲተሻሽ የሚፈጠረው መያዝ ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። መድፉ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ላይ የሚነሣ ነገር የለም፤ ሆኖም ከቆመበት እስኪነቃነቅ ድረስ ሰዉን ሁሉ ያስጨንቃል። አንድ ጊዜ ከሄደ ደግሞ በቍልቍለት ላይ ማቆሙ ከማስነሣቱ ይብሳል። የቆመው እንደ ቆመ፥ የሚሄደውም እንደሚሄድ ለመቅረት የሚያሳየውን ይህን ጠባይ ሊቃውንት ኢነርሺያ ይሉታል። እኛ በዚህ ንግግር የግዑዝ ነገር እንቢታ ብንለው ትርጕሙን የምንስት አይመስለኝም።

ክብደትና እንቢታ አንድ ነገር እንዳልሆኑ በቀላሉ ይታወቃል። ሴባስቶፖል ወደ ጨረቃ ቢወሰድ ክብደቱ ወደ ስድስተኛ እጅ ዝቅ ይላል፤ እንቢታው ግን በደብረ ታቦር ከነበረው ቅንጣት አይቀንስም። በጨረቃ ሜዳ ላይ አንድ ሰው በሩጫ መጥቶ በትከሻው ቢገፋው መድፉ ሳይሆን ትከሻው ይሰበራል።

እንግዲህ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። 7,000 ኪሎ የሚመዝን ነገር 1,000 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ ወደ 69 ሚሊዮን ጁል ነው። አንድ ጠንካራ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት የጕልበት ሥራ 2 ሚሊዮን ጁል ያህል ያወጣል። ስለዚህ ሴባስቶፖልን ከበሽሎ ወንዝ እስከ ደጋው ለማንሣት፥ ለክብደቱ ብቻ ቢሆን፥ የ35 ሰዎች የአንድ ቀን ሥራ ይበቃ ነበር። ሠራተኞቹ 500 ቢሆኑማ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ተፈጥሮ ራስዋ የምትጠይቀው ዋጋ ይኸው ነው። የቀረው የብዙ ወር ድካም የተከፈለው ለስበት ሳይሆን መንገድ ስላልነበረ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ጥሩ መንገድ የፀረ ስበትን ሥራ በአብዛኛው ይሠራል። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው ጐዳና ላይ 70 ኩንታል የሚጭን የጭነት መኪና ማንም ዞር ብሎ የሚያየው አይደለም። የመሬት ስበት ግን ከ1860 ዓ.ም. ወዲህ ምንም አልቀነሰም።

ይህ በምድር ላይ ነው። ከምድር ወጥተን ወደ ሕዋ ስንሄድ ግን የሚጠረግ መንገድ የለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና አገር ከታይዩዋን ጣቢያ ተወነጨፈች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል፥ ማለት የሴባስቶፖል መቶኛ እጅ ነበረ። ነገር ግን ሳተላይት በምሕዋርዋ ላይ ጸንታ እንድትዞር በያንዳንዱ ሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መሮጥ አለባት። ይህን ፍጥነት ለመስጠት የሚፈጀው ሥራ 2 ቢሊዮን ጁል ያህል ሲሆን፥ ይኸውም ሴባስቶፖልን ከበሽሎ ገደል ወደ ደጋው ሠላሳ ጊዜ ያህል ከማውጣት ጋራ እኩል ነው። ሳተላይቷን ከመሬት እስከዚያ ከፍታ ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገው ግን የዚህን አምስተኛ እጅ ያህል ነው። እንግዲህ በሕዋ ጉዞ ላይ ትልቁ ዕዳ የስበት ሳይሆን የእንቢታ ዕዳ ነው ማለት ነው። ሮኬት ደግሞ የሚረግጠው ምድር ስለሌለው ወደ ፊት የሚሄደው ወደ ኋላ በሚወረውረው ጭስ ነው፤ የሚወረውረውንም ሁሉ ራሱ ተሸክሞ መነሣት አለበት። ያችን 70 ኪሎ ከሌላ ትልቅ ሳተላይት ጋራ ይዞ የወጣው ሮኬት ሲነሣ ወደ 250 ቶን ይመዝን ነበር። ይህን የሚያይ ሰው፥ ይህ እንቢታ የሚወገድበት ዘዴ ምነው በተገኘ ብሎ ቢመኝ አይፈረድበትም።

እንቢታን ለማስወገድ ግን አስቀድሞ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእንቢታን ሕግ ደነገገ እንጂ ምንጩን አልተናገረም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ፈተነ። ወርቅ፥ ብር፥ እርሳስ፥ ብርጭቆ፥ አሸዋ፥ ጨው፥ እንጨት፥ ውሃና ስንዴ በየተራ በሚወዛወዝ ገመድ ላይ እየሰቀለ፥ ክብደትና እንቢታ በሁሉም ዘንድ በአንድ ልክ የሚሄዱ መሆናቸውን አረጋገጠ። የስንዴ እንቢታ ከክብደቱ ጋራ ያለው ልክ ከወርቅ አልተለየም። በ1889 እ.ኤ.አ. የሀንጋሪው ባሮን ኤትቮሽ ይህንኑ በጠማማ ሽቦ ሚዛን ፈትኖ ከ20 ሚሊዮን አንድ ልዩነት እንኳ አጣበት። በ2016 እ.ኤ.አ. ፈረንሳውያን ለዚሁ ምርመራ ያመጠቋት ሳተላይትም በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤትዋ ይህንኑ እኩልነት ከሚሊዮን ቢሊዮን ጥቂት እጅ በሚደርስ ጥራት አጸናች። አይንሽታይን በ1915 እ.ኤ.አ. የፈጸመው የስበት ትምህርት የቆመው በዚህ እኩልነት መሠረት ላይ ነው።

ምንጩን በሚመለከት ከቀረቡት ሐሳቦች የበለጠ የሚያስደንቀው ኤርንስት ማኅ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ በ1883 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ያነሣው ነው። አውቶቡስ በድንገት ሲቆም ወደ ፊት የሚወረውረን ማን ነው? ማኅ እንዳለው፥ ዕቃ ሁሉ እንቢ የሚለው በባዶው ሕዋ ላይ ተደግፎ ሳይሆን፥ በዓለም ውስጥ ካሉት ከሩቆቹ ከዋክብት ሁሉ ጋራ ባለው ግንኙነት ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ደኒስ ሻማ የተባለው እንግሊዛዊ ይህን ሐሳብ በሒሳብ ቀምሮ አቀረበው። በዚህ አስተያየት ከሆነ፥ በጅጣ ገደል ላይ ሴባስቶፖል ሰዉን ሲያስጨንቅ የነበረው ከሰማይ ዳር እስከ ዳር ያሉት ከዋክብት ይዘውት ነው ማለት ይሆናል። ሌሎችም በ1994 እ.ኤ.አ. እንቢታ የሚመጣው ባዶ በሚመስለው ሕዋ ውስጥ ካለው የብርሃን ንዝረት ነው የሚል ሐሳብ አውጥተዋል። እነዚህ ሁሉ በሊቃውንት መካከል የሚያከራክሩ መላ ምቶች ናቸው፤ አንዳቸውም በሚዛን ተፈትነው አልጸደቁም።

ይሁን እንጂ ምኞት ማረጋገጫን አይጠብቅም። ሮጀር ባብሰን የተባለው አሜሪካዊ ባለ ሀብት፥ እኅቱ በልጅነቷ በውሃ ሰጥማ ስለ ሞተችበት፥ ጥፋቱን በመሬት ስበት ላይ አላክኮ፥ ስበትን የሚከለክል መጋረጃ እንዲፈለግ በ1948 እ.ኤ.አ. አንድ ድርጅት አቋቋመ። በ1959 እ.ኤ.አ. ዲን የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ወደ ኋላ ምንም ሳይወረውር ወደ ፊት ይሄዳል የተባለውን መኪና የፈጠራ መብት አገኘበት። መኪናው እየተንዘፈዘፈ በወለል ላይ ይራመድ ነበር፤ ነገር ግን ምስጢሩ የወለሉ ፍትጊያ ነበር። ወደ ኋላ ሲገፋ ቀስ ብሎ፥ ወደ ፊት ሲሄድ በኀይል ስለሆነ፥ ወለሉ አንዱን ይዞ ሌላውን ይለቀዋል። እንግዲህ ይህ መኪና የጋፋት ሰዎች ካደረጉት የተለየ አላደረገም፤ እነሱም እግራቸውን በምድር ላይ ተክለው ነበር የሚስቡት።

በ2001 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ሮጀር ሾየር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በተዘጋ የመዳብ ጣሳ ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ በማንጸባረቅ ብቻ የሚገፋ ሞተር አወጣሁ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕዋ መሥሪያ ቤት የናሳ አንድ ክፍል ጥቂት ግፊት ለካሁበት ብሎ ጽሑፍ አሳተመ፤ ዓለምም ጉድ አለ። ነገር ግን በጀርመን አገር በድሬስደን ያሉ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ሚዛናቸውን በደንብ አጥርተው ቢለኩት፥ የታየው ግፊት ከሙቀትና ከመሣሪያው መታጠፍ የመጣ መሆኑ ተገለጠ፤ የተረፈ ነገር አልነበረም። ከማኅ ሐሳብ ተነሥቶ የተሠራውም ሌላ ሞተር በዚያው ቦታ ተፈትኖ ዕጣው ከዚህ አልተለየም። ናሳ ከ1996 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን ሐሳቦች የሚመረምር አነስተኛ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ ሞተር የሚሆን ግን አላገኘም። ፀረ ቁስ የሚባለው ነገር ምናልባት ወደ ላይ ይወድቅ ይሆናል የሚል ተስፋም ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ታላቅ የምርምር ጣቢያ ተለቅቆ ቢታይ እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ታች ወደቀ።

ክቡራን አድማጮች፥ ይህን የዘረዘርነው ሕልመኞችን ለመሣቅ አይደለም። የባብሰን ድርጅት እንኳ መጋረጃውን መፈለጉን ትቶ ስለ ስበት ለሚጻፉ ደኅና ድርሰቶች ሽልማት የሚሰጥ ሆነ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሆኪንግ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነበር። እንቢታ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ታላቅ ጥያቄ ነው። በጋፋትም ቢሆን የመጀመሪያው መድፍ ከመፍሰሱ በፊት ሥራው ሁሉ ሕልም ይመስል ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የጋፋት ሰዎች እቶናቸው ሲከሽፍ ከሸፈ ብለው እንደ ገና ሠሩት፤ የከሸፈውን ሠራ አላሉም።

የዚህ ንግግር ዋና ነገር ግን ከዚህ የራቀ አይደለም። ሸክም አይጠፋም፤ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ። ስለ ሴባስቶፖል ስናወራ መድፉ መቅደላ ደረሰ እንላለን፤ እንደ ደረሰም እንኰራበታለን። ኵራቱም የተገባ ነው። ነገር ግን ያ 70 ኩንታል በራሱ አልሄደም። ዕዳው የተከፈለው በወታደሩ ትከሻ ነው፤ ወታደሩም የበላው እህል ከበጌምድርና ከመንገዱ ዳር ካሉት መንደሮች ገበሬ ጐተራ የተወሰደ ነው። ደብረ ታቦር ራስዋ የተቃጠለችው ሴባስቶፖል ጉዞውን በጀመረበት ወቅት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ስማቸው ገንኖ ቀርቶልናል፤ ገመዱን የሳቡት ሰዎች ስም ግን በየመጽሐፉ የለም። ታሪክን የሚጽፍና የሚያነብብ ሰው ሸክሙ ደረሰ በሚባልበት ጊዜ ሁሉ፥ በማን ትከሻ ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ጥያቄ በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎችም የሚጠቅም ነው። ያለ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ፈጠርሁ የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛችን ላይ ቢቀርብ፥ ወይም ያለ ወጪና ያለ ድካም የሚፈጸም ዕቅድ ነው ተብሎ ቢነገረን፥ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ ይህ ነገር የሚገፋው ምን ላይ ተደግፎ ነው? ሁለተኛ፥ ዕዳው ወዴት ሄደ? ሦስተኛ፥ ከባለቤቱ ሌላ በገዛ ሚዛኑ የለካው ማን ነው? ሐሳቡ እውነት ከሆነ እነዚህ ጥያቄዎች አይጐዱትም። ሐሰት ከሆነ ግን ገንዘብ ከመጥፋቱ በፊት ይገለጣል። ሸክሙንም በዝምታ ሊሸከም የታሰበው ሰው ካለ፥ እሱም ሳይጠየቅ አይቀርም።

የሴባስቶፖልን ፍጻሜ ተናግረን እንጨርስ። መድፉ በ1860 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ፤ ሚያዝያ 3 ቀን የስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን በፋሲካ ማግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን አልሰጥም ብለው በሽጕጥ ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞቹ የመቅደላን ቤተ ክርስቲያንና ግምጃ ቤት ዘርፈው፥ መስቀሉን፥ ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን በ15 ዝሆንና 200 በሚያህሉ በቅሎች ጭነው ሄዱ። ያ ሁሉ ቅርስ ቀላል ስለ ነበረ ተጫነ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትውልድም እንዲመለስ ሲጠይቅ ኖረ።

ሴባስቶፖልን ግን ጥለውት ሄዱ። ምስሉ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል፤ እውነተኛው ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ያን ሁሉ ሰው ስድስት ወር ያስጨነቀው እንቢታ በመጨረሻ ለአገሩ ዘበኛ ሆነለት።